«እስከ አርብ መልስ ስጠን ብለውኛል»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ12 ዓመቴ ነው፤ ያደግሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። አሁን ከቤት የሦስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው ሴሚስተር በጣም ከብዶኝ ነበር። ትምህርቱን ተወጥቼዋለሁ፤ ያቃተኝ ብቸኝነቱ ነው። ቅዳሜ ማታ ሁሉም ሲወጣ እኔ ዶርም ውስጥ ስልኬን ይዤ እቀመጥ ነበር።

በጃንዋሪ ሩምሜቴ «ና፣ ራሽ እንሂድ» አለኝ። ራሽ ማለት ፍራተርኒቲዎቹ (የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት) አዲስ አባል የሚመለምሉበት ሳምንት ነው። በአንዱ ቤት በርገር በላን፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወትን፤ ስሜን በትክክል ለመጥራት የለፉ የመጀመሪያ ልጆች እነሱ ናቸው። ከሳምንት በኋላ ለእኔም ለእሱም ቢድ ሰጡን፤ ማለትም «ግባ» ብለው ጋበዙን። እሱ ተቀብሏል። እኔን እስከ አርብ መልስ ስጠን ብለውኛል። ለዚህ ሴሚስተር 850 ዶላር ይከፈላል። ስምንት ሳምንት ፕሌጅ፣ ማለትም የሙከራ አባል፣ እሆናለሁ፤ በዚያ ጊዜ በተጠራሁ ሰዓት ሌሊትም ቢሆን መገኘት፣ ቅዳሜና እሑድ ማታ ደግሞ የሰከሩትን በመኪና ማመላለስ አለብኝ። ምን ምን እንደሚደረግ ስጠይቅ «እዚህ ቤት የሆነው እዚሁ ይቀራል፤ ለቤተሰብም ለጓደኛም አይነገርም» አሉኝ።

እናቴ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሥራ ነው የምትሠራው። ነገሩን ገና ሳነሣው «የሰይጣን ማኅበር ነው፤ እኔ የላክሁህ ለትምህርት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሣሁባትም። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የክፍሌ ልጅ ደግሞ «ነጮቹ ዘንድ ምን ትሠራለህ? የአንተ ቦታ ዲቫይን ናይን ነው» ይለኛል፤ የጥቁር አሜሪካውያኑን ማኅበራት ማለቱ ነው። ግራ ገብቶኛል። ልግባ ወይስ ልተው?

መልስ

ልጄ፣ አርብ ቅርብ ስለሆነ መልሴን ላስቀድም። በዚህ ሴሚስተር አትግባ። ፍራተርኒቲ የተባለ ሁሉ መጥፎ ነው ብዬ አላምንም። ደብዳቤህን ሳነብ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለቤተሰብም ለጓደኛም አይነገርም» ያሉህ። ክፍያውን፣ ሰዓቱን፣ የእናትህን ፍርሃት አንድ በአንድ ልንመዝናቸው እንችላለን። ይህ ቃል ግን የቀረውን ሁሉ ይደፋዋል። አንድ ሽማግሌ ከለከለኝ ብለህ ብቻ እንድትተወው ስለማልፈልግ ምክንያቴን በደንብ ላስረዳህ።

ስለ ብቸኝነትህ ግን ልቅደም። ብቻውን የሰነበተ ልጅ ሰው ወዳለበት ቢሄድ ጤነኛ ነው፤ በዚህ አትፈር። እነዚህ ማኅበራት ራሳቸው የተወለዱት ከዚሁ ነገር ነው። በግሪክ ፊደል የሚጠራው የመጀመሪያው የተማሪዎች ማኅበር፣ ፋይ ቤታ ካፓ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1776 የተመሠረተው በአንተው ክፍለ ግዛት፣ ዊልያምስበርግ በሚገኘው የዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ነው። ጥቂት ወጣቶች መምህራን ሳይሰሟቸው በነፃነት ሊከራከሩ፣ በወዳጅነት ሊረዳዱ ተሰባሰቡ፤ መሐላና የምስጢር ሰላምታም አበጁ። እሱ ዛሬ የጎበዝ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ሆኗል። አንተን የጋበዙህ ዓይነቶቹ፣ አብሮ መብላትና አብሮ መኖር ላይ የቆሙት፣ ከ1825 ጀምሮ በኒውዮርኩ ዩኒየን ኮሌጅ የተነሡትን ተከትለው የመጡ ናቸው። ምስጢር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯቸው አለ። ያኔ ከመምህር ጆሮ ማምለጫ ነበር። ዛሬ ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ጥቅም የለውም ብልህ እዋሽሃለሁ። ከአንተ ሁለት ዓመት የቀደመ ልጅ የትኛውን ፕሮፌሰር መውሰድ እንዳለብህ ይነግርሃል። ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቀው ደግሞ በሚሠራበት ኩባንያ ለኢንተርንሺፕ ስምህን ያነሣል። በ20 ዓመቱ የቤቱ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የብዙ ሰው መዋጮ የሚያስተዳድር ልጅ፣ መጽሐፍ የማያስተምረውን ይማራል። እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ፣ አባት በጎልፍ ሜዳ የሚያስተዋውቀው ሰው የሌለው፣ ይህ ነገር ቀላል አይደለም። የዚሁ የዩኒየን ኮሌጅ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። የአንድ ኮሌጅ ተመራቂዎችን ጠይቀው ያገኙት ውጤት፣ ፍራተርኒቲ መግባት የተማሪውን ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) በሩብ ነጥብ ገደማ ዝቅ ሲያደርግ በኋላ የሚያገኘውን ገቢ ደግሞ በ36 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት ስለሆነ ለአንተ ቤት በቀጥታ አይሠራ ይሆናል። ቢሆንም ሁለቱንም ቁጥር አብረህ ያዛቸው። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ሩብ ነጥብ ስኮላርሺፕ የሚያስቀርና የሚያስቀጥል ሊሆን ይችላል።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። እባክህ ይህን ክፍል ቀስ ብለህ አንብበው።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017 በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቲሞቲ ፒያዛ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ፣ እንዳንተው የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ቢድ ተቀብሎ ወደ ቤታ ቴታ ፓይ ፍራተርኒቲ ቤት ሄደ። ቤቱ በወረቀት መጠጥ የተከለከለበት፣ ለሌሎቹም አርአያ ተብሎ የሚጠቀስ ነበር። በዚያው ምሽት አዲሶቹን ልጆች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ አጠጧቸው። ቲሞቲ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለ12 ሰዓት ያህል አምቡላንስ የጠራለት ሰው አልነበረም። የቤቱ ካሜራዎች ሁሉንም ቀርጸውታል፤ በዙሪያው ይመላለሱ ነበር፣ ያነሡታል፣ ያስተኙታል፣ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን ሞተ።

በፌብሩዋሪ 2021 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ላይ፣ አዳም ኦክስ የተባለ የ19 ዓመት የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዴልታ ካይ ልጆች ግብዣ ጠጥቶ በማግስቱ ሞቶ ተገኘ። ምሽቱ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ «ታላቅ ወንድም» የሚሰየምበት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ በኦሃዮው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ሌላ የ20 ዓመት ልጅ በዚያው ዓይነት ምሽት አንድ ጠርሙስ ቡርበን ጨርሶ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ አንድ ልጅ፣ አሁንም በዚያው ዓይነት ምሽት ጠጥቶ፣ ከሞት ቢተርፍም ማየትና መናገር ተሳነው። የታላቅ ወንድም ምሽት፣ ቢድ የሚቀበሉበት ምሽትና ከመጨረሻው ሥርዓት በፊት ያለው ሳምንት በጣም አደገኛ ከሚባሉት ጊዜያት ናቸው። በእነዚህ ምሽቶች የሚጠጣው ልጅ ጠጪ ስለሆነ አይደለም የሚጠጣው፤ ጠርሙሱን የሰጠው የወደደው ሰው ስለሆነ ነው።

እነዚህን ታሪኮች ያነበብሁት ጨካኝ ሰው ለማግኘት ነበር። ያገኘሁት በአብዛኛው እንዳንተ ያሉ፣ ከመልካም ቤት የወጡ ልጆች ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ማንም ስልኩን አንሥቶ ወደ ድንገተኛ አደጋ ጥሪው፣ 911፣ ሊደውል ይችል ነበር። ያላስደወላቸው «ቤቱ ይዘጋብናል፣ ነገሩ ይወጣብናል» የሚለው ፍርሃት ነው። ምስጢሩ ዛሬ የሚሠራው ይህንን ነው። ደግሞም በአንድ ሌሊት የሚለመድ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ለእናትህ አትነግራትም። ከዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የት እንደነበርህ ለሌላ ጓደኛህ ትዋሻለህ። ከዚያ ቡድኑ ውስጥ አንድ ልጅ ሲያለቅስ ታይና ዝም ትላለህ። ስምንት ሳምንት እንዲህ የሰለጠነ ልጅ፣ መሬት ላይ የማይነቃ ጓደኛውን ሲያይ እጁ ወደ ስልክ ለመሄድ ይዘገያል። ከእናትህ መደበቅህን እንደ ትንሽ ነገር ጽፈኸዋል፤ ለእኔ ግን ሥልጠናው ተጀምሯል ማለት ነው።

በእኛ አገር ማኅበር ሁሉም እንደሚያውቀው ነው። ጽዋ የሚጠጣው በግልጽ ነው፣ የእድሩ ሒሳብ በአባላት ፊት ይነበባል፣ አባል መሆንህን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ መውጣት ስትፈልግ ትወጣለህ። ፍራተርኒቲም እንደዚህ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚህ የሆኑም አሉ። የመጨረሻ ሥርዓታቸው፣ መዝሙራቸው፣ የእጅ ሰላምታቸው ምስጢር ቢሆን አልቃወምም። ምስጢር መሆን የሌለበት ገላህ ላይ፣ እንቅልፍህ ላይ፣ ገንዘብህ ላይ የሚደረገው ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ልጆች የሚያስቡት ዛሬ የሚደርስባቸውን ነው። አንተ ግን የዛሬ ዓመት ከማዶ ነው የምትቆመው፤ ጠርሙሱን የምታቀብለው፣ ሌሊት የምትጠራው አንተ ትሆናለህ። በቨርጂኒያ ሕግ ሄዚንግ፣ ማለትም አዲስ አባልን ለመግቢያ ብሎ ማሠቃየት ወይም አደጋ ላይ መጣል፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። «ወዶ ነው ያደረገው» የሚል መከራከሪያ አይሠራም፤ ሕጉ ተጎጂው ፈቅዶ ቢሳተፍም እንኳ ሄዚንግ ነው ይላል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ዜግነት ወስደሃል ወይስ ገና ግሪን ካርድ ነው ያለህ? የዜግነት ማመልከቻው ተይዘህ ወይም ተከስሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ዝም ብለህ የምታልፈው ጥያቄ አይደለም። በዚህ አገር መጠጥ የሚፈቀደው በ21 ዓመት እንደሆነም አትርሳ። አሜሪካ የተወለደው ጓደኛህ በአንድ ሌሊት ስህተት ጠበቃ ይቀጥርና ያልፈዋል፤ ለአንተ ግን መዘዙ እዚህ አገር እስከ መኖር ድረስ ሊሄድ ይችላል። ይህን ለመመልመል የሚመጣ ማንም አይነግርህም፤ እነሱም አስበውት አያውቁም።

ስለ መኪና ማመላለሱም እንዲሁ። መኪናው የማን ነው? ኢንሹራንሱ በእናትህ ስም ከሆነ፣ በእንቅልፍ እጦት ደክመህ ሌሊት የሰከሩ ሰዎች ጭነህ የምታደርሰው ማንኛውም ግጭት የእሷ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ወደ ክፍል ጓደኛህ ልለፍ፤ የተናገረው ነገር ከሰጠኸው ቦታ የሰፋ ነው። ዲቫይን ናይን የሚባሉት ዘጠኙ የጥቁር አሜሪካውያን ፍራተርኒቲዎችና ሶሮሪቲዎች (የሴቶች ማኅበራት) ናቸው። የመጀመሪያው፣ አልፋ ፋይ አልፋ፣ በዲሴምበር 1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ጥቁር ተማሪዎች በነጮች መካከል ጥቂትና ብቸኛ በነበሩበት ጊዜ ነው። ከዘጠኙ አምስቱ የተወለዱት ዋሽንግተን ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛ እንጀራ ልንበላ ከምንሄድበት ከዩ ስትሪት የእግር መንገድ ነው። የዴልታ ሲግማ ቴታ ሴቶች በተመሠረቱበት ዓመት፣ በ1913፣ ለሴቶች የምርጫ መብት በዋሽንግተን ሰልፍ ወጥተዋል። በ2011 የተመረቀው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ፣ አንተም በትምህርት ቤት ጉዞ አይተኸው ይሆናል፣ ሐሳቡን አንሥቶ ለዓመታት የደከመበት አልፋ ፋይ አልፋ ነው። ቤተሰቦቻችን ይህን አገር የረገጡበት በር የተከፈተው እነዚህ ሰዎች በታገሉበት ዘመን፣ በ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ስለዚህ «የእኛ አይደለም» ብለህ አትለፈው።

እነሱ ዘንድ አባልነት ዕድሜ ልክ ነው፤ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ወር በወር ይሰበሰባሉ፣ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ገና የገባ ተማሪ አይቀበሉም፤ የተወሰነ ክሬዲትና ጂፒኤ ይጠይቃሉ። ከተመረቁ በኋላም በተመራቂዎች ቻፕተር (ቅርንጫፍ) በኩል መግባት ይቻላል። ኪንግ ራሱ የገባው በ1952 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ነው። ይህን ያነሣሁት የአርቡ ቀጠሮ እንዳያስጨንቅህ ነው።

ነገር ግን እዚያ አደጋ የለም ብዬ አልሸነግልህም። ከዘጠኙ ማኅበራት ስምንቱ በ1990 የፕሌጅን ሥርዓት በይፋ አስቀርተዋል፤ በብዙ ቦታ ግን ተደብቆ ቀጥሏል። በፌብሩዋሪ 2025 በሉዊዚያናው ሰዘርን ዩኒቨርሲቲ አንድ የ20 ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ኦሜጋ ሳይ ፋይ ለመግባት ሲል በአንድ መጋዘን ውስጥ ደረቱን ተመትቶ ሞተ። ፖሊስ እንዳለው፣ ሆስፒታል ያደረሱት ልጆች ፓርክ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ነው የተጎዳው ብለው ሄዱ። መጠጥ የለም፣ ነጭም የለም፤ ምስጢሩ ግን ያው ነው። ስለዚህ ለክፍል ጓደኛህ «ልክ ነህ፣ አስብበታለሁ» በለው፤ እነሱንም ግን የምትጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው።

እናትህ። «የሰይጣን ማኅበር» ስትልህ ስቀህ ይሆናል። አትሳቅባት። ፊልም አይታ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጄ የማላውቀው ሰው ፊት መሐላ ሊምል ነው ብላ መፍራቷ ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንዶቹ ማኅበራት ሥርዓታቸው ውስጥ የግሪክና የሮማ አማልክትን ስም ያነሣሉ፤ ለአባላቱ ምሳሌ ነው፣ ለአንድ የተዋሕዶ ወይም የጴንጤ እናት ግን ምሳሌ ብቻ አይመስልም። ጥቁር አሜሪካውያን ክርስቲያኖችም በዚሁ ጉዳይ እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ በዚሁ ምክንያት አባልነታቸውን ትተው የወጡ አሉ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚያገለግሉ አባላትም ብዙ ናቸው። ሰይጣን ማምለክ ነው ብዬ አላምንም። መሐላን በተመለከተ ግን አንተ የምታምንበትን የምታውቀው አንተ ነህ። የንስሐ አባት ካለህ ሄደህ ጠይቃቸው፤ «ምን ብዬ እንደምምል ቀድሜ ማየት እችላለሁ?» ብለህ ደግሞ ልጆቹን ጠይቅ። ቃል በቃል አያሳዩህም። ከሃይማኖትህ ጋር የሚጋጭ ነገር ካለ ግን አስቀድሞ የሚነግርህ አንድ ታማኝ አባል ማግኘት አለብህ።

ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ ደውልላት። የምትነግራትም ስለ ፍራተርኒቲ አይሁን፤ ቅዳሜ ማታ ብቻህን እንደምትቀመጥ ንገራት። «ለትምህርት ነው የላክሁህ» ያለችው የሚጎዳህ ትምህርቱ ሳይሆን ብቸኝነቱ እንደሆነ ስላልነገርኻት ነው። ሌሊት ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥ የምታድር ሴት ብቸኝነትን ታውቀዋለች።

ገንዘቡን በአጭሩ ልበል። 850 ዶላር የሚሉህ መጀመሪያ ነው፤ የመግቢያ ሥርዓቱ፣ ሸሚዙ፣ ግብዣው፣ በኋላም ቤቱ ውስጥ መኖር ግድ ከሆነ ኪራዩ ይከተላል። የዓመቱን ሙሉ ክፍያ በጽሑፍ ጠይቅ። በተማሪ ብድር ወይም በእናትህ ኦቨርታይም የሚከፈል ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

አርብ ለልጆቹ እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው፤ «ስለ ግብዣው ከልብ አመሰግናለሁ። አብሬያችሁ ያሳለፍሁት ጊዜ ደስ ብሎኛል። በዚህ ሴሚስተር አልገባም፤ በፎል፣ አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀምር፣ እንደገና ልመጣ እፈልጋለሁ።» ከዚህ በላይ ምክንያት አትደርድር። ከዚያ የሚመልሱልህን ተመልከት። ደህና ቤት ከሆነ «ችግር የለም፣ ለእራት ግን ና» ይሉሃል። «ዕድልህ አለቀ» ካሉህ፣ ወይም በማግስቱ ካምፓስ ላይ አይተው እንዳላዩ ካለፉህ፣ ስምህን ለመጥራት የለፉት ለምን እንደነበር ታውቃለህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሳምንት ውስጥ ወስን የሚል ወንድምነት የሚያስቸኩለው ነገር አለው።

እስከ ፎል ድረስ ቤቱን አጥና። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በአዳም ኦክስ ስም በ2022 በጸናው ሕግ መሠረት፣ የተረጋገጡ የሄዚንግ ጥፋቶችን ለሕዝብ ማሳወቅ አለባቸው። በዲሴምበር 2024 የተፈረመው የፌዴራል ሕግም በመላው አገሪቱ ያሉ ኮሌጆች ይህን ሪፖርት እንዲያወጡ ያስገድዳል። በዩኒቨርሲቲህ ድረ ገጽ ላይ ገብተህ የቤቱን ስም ፈልግ። ስሙ ከሌለ ንጹሕ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ካለ ግን ሌላ ማስረጃ አትፈልግ። ደግሞ ገብቶ የወጣ ልጅ ፈልገህ አነጋግር፤ አባላቱ የማይነግሩህን የሚነግርህ እሱ ነው። አባላቱንም ፊት ለፊት ጠይቃቸው፤ አልጠጣም ብል ምን ይሆናል? ፈተና ሲኖረኝ ሌሊት ብትጠሩኝና ብቀር ምን ይሆናል? በስድስተኛው ሳምንት ልውጣ ብል ገንዘቤን ትመልሳላችሁ? ጾም ላይ ከሆንሁስ? መልሱን ከመስማት ይልቅ ሲመልሱ እርስ በርስ እንደሚተያዩ አስተውል።

ቅዳሜህን ባዶ አድርጌ ልተውህ አልችልም። ብዙ ካምፓሶች ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር አለ፤ አንዳንዱ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቡና ያፈላል። የእናንተው ከሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ሌላ ሰው እስኪያነቃው አትጠብቅ። ከአንተ ሙያ ጋር ደግሞ በ1975 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የጥቁር ኢንጂነሮች ማኅበር አለ፤ በየካምፓሱ ቻፕተር አለው፣ ሥራ የሚገኝበት ትልቅ ዓመታዊ ጉባኤ አለው፣ ምስጢር የለውም። ከፍራተርኒቲ የምትፈልገውን ታላቅ ወንድም ከዚያ ልታገኘው ትችላለህ። የቅርጫት ኳስም ወድደሃል፤ በካምፓሱ ጂም በተማሪዎች መካከል የሚካሄደው ውድድር ላይ ስምህን አስመዝግብ።

የመጨረሻው ስለ ሩምሜትህ ነው፤ እሱ ገብቷልና። አትለየው፣ አትፍረድበትም። የታላቅ ወንድም ምሽታቸው መቼ እንደሆነ ጠይቀው፤ ባይነግርህም በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ስልክህን አትዝጋ። «በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ምንም አልጠይቅህም» በለው። ሰክሮ መጥቶ ከተኛና ስትጠራው ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከተራራቀ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ «ይተኛና ይለቀዋል» አትበል። በጎኑ አስተኝተህ ቶሎ 911 ደውል፤ እስኪመጡ ድረስ አጠገቡ ሁን። በቅን ልቦና እርዳታ የጠራን ሰው የቨርጂኒያ ሕግ ይጠብቀዋል። ቤቱ ውስጥ የሚደረገው ካስጨነቀህና ለዩኒቨርሲቲው መናገር ከፈራህ ደግሞ፣ ስምህን ሳትናገር የምትደውልበት አገር አቀፍ የሄዚንግ መጠቆሚያ ስልክ አለ፤ 1-888-668-4293 ነው። ዛሬውኑ ስልክህ ላይ መዝግበው፣ ለእሱም ላክለት።